ፍርሃት በልኩ፦ አስፈሪ ፊልም ለምን እንደሚጥም፣ እንዴትስ ቢታይ እንደሚሻል

አስፈሪ ፊልም የሚመለከትን ሰው ከጎን ሆኖ ላስተዋለ ነገሩ ግራ ያጋባል። ሰውየው ትከሻውን ሰብስቦ፣ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ፣ በጣቶቹ መካከል ግን አሾልኮ ያያል፤ በርግጎ ከመቀመጫው ይነሣል፣ ወዲያው ደግሞ በራሱ ይስቃል፤ ፊልሙ አልቆ ልቡ ገና ሳይረጋጋ ሌላ ይፈልጋል። ፍርሃት ማንም በፈቃዱ የማይቀበለው ስሜት ከሆነ፣ ሰዎች ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን አውጥተው የሚሹት ለምንድን ነው? የዚህን ጥያቄ መልስ ማወቅ ለወሬ ያህል ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ምክንያቱን የተረዳ ተመልካች ፍርሃቱን እንደ ፍላጎቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይችላልና።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት ሁለት ዓይነት ተመልካቾችን አስቤ ነው። የመጀመሪያው ወዳጆቹ ሲጋብዙት እምቢ ማለት አሳፍሮት አብሮ የሚቀመጥ፣ ነገር ግን ፊልሙ ሳይጋመስ ብርክ የሚይዘው፣ ሌሊቱንም መብራት አብርቶ የሚያድር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ከማየቱ የተነሣ ምንም የማያስደነግጠው፣ የድሮው ድንጋጤ ናፍቆት ከአንዱ ፊልም ወደ ሌላው የሚዘል ነው። የሁለቱ ችግር የተለያየ ቢመስልም ሥሩ አንድ ነው፤ አንዱ ለፍርሃቱ እጅግ ቀርቧል፣ ሌላው ከፍርሃቱ እጅግ ርቋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነብሩና አጥሩ

አስፈሪ ነገር ስለሚሰጠው ደስታ የተነሣው ጥያቄ ከፊልም በብዙ ዘመን ይቀድማል። አርስቶትል ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው ድርሳኑ፣ በአካል ብናያቸው የሚዘገንኑንን እንደ አስቀያሚ አራዊትና እንደ ሬሳ ያሉትን ነገሮች በጥንቃቄ ተስለው ስናያቸው ግን ደስ እንደሚሉን አስተውሎ ነበር። ኤድመንድ በርክ ደግሞ በ1757 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አደጋና ሥቃይ በጣም ሲቀርቡን ከመዘግነን በቀር ምንም ደስታ እንደማይሰጡ፣ በተወሰነ ርቀት ሲሆኑ ግን ሊያስደስቱ እንደሚችሉ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ምርምር ቢደረግም፣ ለተመልካች የሚጠቅመው ቁም ነገር ከዚህ የርቀት ሐሳብ ብዙም አልራቀም።

የሥነ ልቦና ሊቁ ማይክል አፕተር ይህንኑ በነብር ምሳሌ አስረድቶታል። ነብር አጥር ሳይኖረው ፊት ለፊት ቢቆም ሰው ይሸበራል፤ አጥሩ ባዶ ቢሆን የሚያየው ነገር የለምና ይሰለቸዋል፤ ነብሩ በአጥር ውስጥ ሲሆን ግን ቆሞ በመደነቅ ይመለከተዋል። የፊልም ተመልካች አጥር ከአንድ ነገር ብቻ የተሠራ አይደለም። ታሪኩ ፈጠራ መሆኑን ማወቁ፣ የስክሪኑ ጠርዝ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው፣ የክፍሉ ብርሃን፣ በእጁ ያለው ሪሞት፣ እነዚህ ሁሉ የአጥሩ እንጨቶች ናቸው፤ ከዚህ በኋላ የማቀርባቸው ምክሮችም አንዱን እንጨት ስለ መጨመር ወይም ስለ መንቀል የሚናገሩ ናቸው።

አጥሩ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በ1994 የታተመ አንድ ጥናት ያሳያል። ጆናታን ሃይት፣ ክላርክ ማኮሊና ፖል ሮዚን ለተማሪዎች እውነተኛ የእርድና የቀዶ ሕክምና ምስሎችን ሲያሳዩ፣ አብዛኞቹ ቪዲዮው ሳያልቅ አስጠፍተውታል። በፊልም የሚፈሰው ደም ከዚያ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ሰው ተቀምጦ የሚያየው፣ ደሙ ደም አለመሆኑን ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ አስፈሪ ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ ጭካኔ የሚወድ ነው የሚለው የተለመደ ወቀሳ ውኃ የሚያነሣ አይመስለኝም።

ሰውነት ሲታለል፣ አእምሮ ሲያውቅ

በስክሪኑ ላይ አንድ ነገር በድንገት ብቅ ሲል፣ ዓይናችን የሚጨፈነው ከአንድ ሰከንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ይህም ምን እንዳየን ለማወቅ ከሚያስፈልገን ጊዜ ያነሰ ነው። በአንጎል ውስጥ አሚግዳላ የተባለው ትንሽ ክፍል አደጋ አለ ብሎ ያነቃል፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ፣ ልብ ትፈጥናለች፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ መዳፍ ያልባል፣ የሰውነት ፀጉር ይቆማል። ተፈጥሮ ይህን ያህል የቸኮለችው ያለ ምክንያት አይደለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ከልጥ በከንቱ የሸሸ ሰው የሚያጣው ጥቂት ትንፋሽ ነው፤ እባቡን ልጥ ነው ብሎ የረገጠ ግን ሕይወቱን ያጣል። ስለዚህ ሰውነታችን ለፊልምም ቢሆን ይደነብራል፤ ከቅጽበት በኋላ የሚነቃው አስተዋይ የአእምሮ ክፍል ደግሞ «ይህ ልጥ ነው» ብሎ ያረጋጋዋል።

ፖል ሮዚን ከዚህ አለመግባባት ራሱ ደስታ እንደሚፈልቅ ያስረዳል። ምላስ እያቃጠለ ዓይን የሚያስለቅሰውን ቃሪያ የሚወዱ ሰዎችን ሲያጠና የደረሰበት ሐሳብ፣ ሰው ሰውነቱ በከንቱ እንደተሸበረና በእርግጥ ግን ምንም እንደማይደርስበት ሲያውቅ፣ አእምሮ በሰውነት ላይ ያገኘው የበላይነት ያስደስተዋል የሚል ነው። ከድንጋጤ በኋላ ወዲያው የሚመጣው ሳቅም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የደስታ ምንጭ የሚገኘው ከፍርሃቱ በኋላ ነው። ዶልፍ ዚልማን በ1970ዎቹ ባዳበረው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ የሰውነት መነቃቃት ምክንያቱ ሲያልፍ አብሮ ድርግም ብሎ አይጠፋም፤ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ስሜትም ጉልበት ይሆነዋል። ባለታሪኳ ከሞት አፋፍ ስታመልጥ የሚሰማን እፎይታ ከተራ እፎይታ የሚልቀው፣ ቅድም በፍርሃት የተቀጣጠለው እሳት ገና ስላልጠፋ ነው። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ግልጽ ነው፤ ፊልም ለማቋረጥ የሚመረጠው ጊዜ ፍርሃቱ ጣሪያ የነካበት ሰዓት መሆን የለበትም። በዚያ ሰዓት የሚያጠፋ ሰው ዋጋውን ሁሉ ከፍሎ ዕቃውን ሱቅ ትቶ እንደሚሄድ ገዢ ነው። ቢቻል ትዕይንቱ እስኪረግብ ጠብቆ ማቆም ይሻላል።

ሦስተኛው ምንጭ ጉጉት ነው፤ ጉጉትና ፍርሃት ደግሞ ተጣብቀው የተወለዱ አይደሉም። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት አሚግዳላዋ በሕመም ምክንያት ስለተጎዳ አንዲት ሴት ይተርካል፤ ተመራማሪዎቹ አስፈሪ የፊልም ቁራጮችን ሲያሳዩአትና ሰዎችን ለማስፈራራት ወደተዘጋጀ ቤት ሲወስዷት ፍርሃት አልተሰማትም፣ ነገር ግን በትኩረትና በጉጉት ተከታትላዋለች። ፈላስፋው ኖኤል ካሮልም በ1990 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከምናውቃቸው የፍጥረት ወገኖች በአንዱም የማይመደበው ጭራቅ ምን እንደሆነ የማወቅ ፍላጎት ተመልካቹን አስሮ እንደሚያስቀምጠው ተከራክሯል። ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ፣ ሞቶ የሚሄድ፣ አካል ሳይኖረው በር የሚዘጋ፣ እነዚህ ሁሉ የሚያስፈሩትን ያህል እንቆቅልሾችም ናቸው።

መጠኑ ግን መሃል ላይ ነው። የዴንማርኩ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቬይለ በተባለች ከተማ በሚገኝ የማስፈራሪያ ቤት 110 ጎብኚዎችን የልብ ምት መለኪያ አስረው አስገብተው ነበር፤ በ2020 የታተመው ውጤት ደስታና ፍርሃት አብረው የሚወጡት እስከ አንድ ደረጃ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ ካለፈ ፍርሃቱ ሲጨምር ደስታው እንደሚወርድ አሳይቷል። ይህ መሃል ያለው ቦታ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ነው። ማርቪን ዙከርማን ከ1964 ጀምሮ እንዳጠናው፣ ሰዎች ለኃይለኛ ስሜትና ለአዲስ ገጠመኝ ያላቸው ፍላጎት ከተፈጥሯቸው ይለያያል፤ ስለዚህ ለወዳጅዎ የተመቸው ፊልም ለእርስዎ አለመመቸቱ የፈሪነት ማስረጃ አይደለም።

ፊልሙን መምረጥ

«አስፈሪ ፊልም አልወድም» የሚሉ ብዙ ሰዎች የማይወዱት አንዱን ዓይነት ብቻ ነው። በፊንላንድ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እንዳሳዩት፣ አስፈሪ ፊልም የሚያይ ሰው አንጎል ቀስ እያለ ለሚሰበሰብ ስጋትና በድንገት ለሚፈነዳ ድንጋጤ የሚሰጠው ምላሽ የተለያየ ነው። እንግዲህ ከመምረጥዎ በፊት ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድዎት ራስዎን ይጠይቁ።

አልፍሬድ ሂችኮክ ልዩነቱን በታወቀ ምሳሌ አስረድቶት ነበር። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ሲያወሩ ከሥር የተቀበረ ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ፣ ተመልካቹ የሚያገኘው የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው፤ ቦምቡ መቀመጡንና የሚፈነዳበትን ሰዓት ተመልካቹ አስቀድሞ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ የ15 ደቂቃ ጭንቀት ይሆናል። ድንገተኛ ድንጋጤ የማይስማማው ሰው በዚህ በሁለተኛው መንገድ የተሠሩ ፊልሞችን ቢመርጥ ይመቸዋል፤ አስቀድሞ ማሰብና ማሰላሰል የሚያስጨንቀው ግን ከፊልሙ በኋላም ሐሳቡ ስለሚከተለው፣ ቶሎ መጥቶ ቶሎ የሚያልፈው ድንጋጤ ይሻለዋል።

ድንጋጤ ራሱም ስልት አለው፤ ስልቱን ማወቅ ደግሞ ግማሹን ኃይል ያሳጣዋል። በ1942 በተሠራው «ካት ፒፕል» በተሰኘው ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት በጨለማ መንገድ ብቻዋን ስትሄድ ከኋላዋ የሚከተላት ነገር እንዳለ ይሰማናል፤ ጸጥታው እየከበደ ሄዶ አውሬው ሊዘልል ነው በተባለበት ቅጽበት፣ እየጮኸ አጠገቧ የሚቆመው አውቶቡስ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ፊልም ሠሪዎች ይህን ሥርዓት ሺህ ጊዜ ደግመውታል። ጸጥታው ከተለመደው በላይ ሲረዝም፣ ሙዚቃው በድንገት ሲቋረጥ፣ ካሜራው ከባለታሪኩ ጎን ባዶ ቦታ ሲተው፣ የመታጠቢያ ቤት መስታወት ሲከፈትና ሲዘጋ፣ አንድ ነገር ሊመጣ መሆኑን ይወቁ። ደንጋጭ ተመልካች እነዚህን ምልክቶች እንደ ጨዋታ መቁጠር ቢጀምር፣ ከተጠቂነት ወደ አዳኝነት ይሸጋገራል።

ከዚህ ሌላ ሊታይ የሚገባው፣ ታሪኩ ከእርስዎ ኑሮ ያለው ቅርበት ነው። በሩቅ ዘመን፣ በሌላ ዓለም፣ በጥቁርና ነጭ ምስል የቀረበ ታሪክ አጥሩ ወፍራም ነው፤ ለጀማሪ የምመክረውም ይህንን ነው። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለው ጽሑፍ፣ እንደ ቤት ቪዲዮ የሚንቀጠቀጥ ካሜራና የማይታወቁ ተዋናዮች ግን ሆን ተብሎ አጥሩን ለማሳሳት የሚደረጉ ናቸው። በ1999 የወጣው «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» እነዚህን ሁሉ በአንድነት በመጠቀሙ ብዙ ተመልካቾች እውነት መስሏቸው ነበር። ብቻውን የሚኖር ሰው ስለ ቤት ሰባሪ ገዳይ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ስለ ፅንስ፣ በቅርቡ የሞተበት ሰው ስለ ሙታን መመለስ የሚናገር ፊልም ቢቀርብለት ርቀቱ በጣም ያጥራል። እንዲህ ያለውን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ ይቻላል።

ድምፁ ከምስሉ ይብሳል

ብዙ ሰዎች ሲፈሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ የባሰ ስሕተት የለም። ዓይን ሲጨፈን ድምፁ ይቀራል፣ ድምፁ የጎደለውን ምስል ደግሞ ምናባችን ይሞላዋል፤ ምናብ እንደ ፊልም ሠሪ የበጀት ችግር የለበትም። በ1975 የወጣውን «ጆውስ» የተሰኘ የሻርክ ፊልም ያስታውሱ። ለፊልሙ የተሠራው ሰው ሠራሽ ሻርክ በየጊዜው ስለተበላሸ፣ ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ሻርኩን ብዙም ሳያሳይ በሙዚቃና በውኃው እንቅስቃሴ ብቻ መኖሩን ለማሳወቅ ተገደደ፤ ፊልሙ ይበልጥ አስፈሪ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዓይኑን የጨፈነ ተመልካች ያንኑ የተበላሸ ሻርክ በራሱ ላይ እየሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሊነካ የሚገባው የመጀመሪያው ነገር የድምፅ መቆጣጠሪያው ነው። ሻካራና የተሰበረ ድምፅ በተፈጥሮ የጭንቀት ምልክት ነው። የእንስሳት ጠባይ አጥኚው ዳንኤል ብሉምስታይን፣ እንስሳት በአደጋ ጊዜ የሚያሰሙትን ያልተስተካከለ ጩኸት ሲያጠና ቆይቶ፣ በ2010 ባሳተመው ጥናት ፊልም ሠሪዎችም ስሜት ለመቀስቀስ ተመሳሳይ ባሕርይ ያላቸውን ድምፆች እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ሂችኮክ «ሳይኮ» በተሰኘው የ1960 ፊልሙ ውስጥ ያለውን የመታጠቢያ ቤት ግድያ ያለ ሙዚቃ ሊያቀርበው አስቦ ነበር፤ አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን በቫዮሊኖች ጩኸት የሠራውን ሲያደምጥ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ዛሬ ያንን ትዕይንት ድምፁን አጥፍቶ ያየ ሰው ምን ያህል እንደሚለዝብ ራሱ ሊፈትን ይችላል።

ለደንጋጭ ተመልካች እንግዲህ እንዲህ አድርግ ብዬ የምመክረው፣ ድምፁን ንግግር እስከሚሰማበት ድረስ ብቻ ዝቅ አድርጎ የግርጌ ጽሑፉን እንዲከፍት፣ ከባድ ትዕይንት ሲመጣም ከዓይኑ ይልቅ ጆሮውን እንዲሸፍን ነው። ከዚያ ቀጥሎ ከስክሪኑ ጀርባ ወይም ከጎን ለስላሳ መብራት ይብራ፤ ስክሪኑ በጨለማ ውስጥ ብቻውን ሲያበራ ጠርዙ ስለሚጠፋ፣ ከክፍሉ ጋር አብሮ ሲታይ ግን ዕቃ መሆኑ ስለማይረሳ ነው። በቀን ማየትም ይቻላል፤ ማንም አይከለክልም።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን ኤድዋርዶ አንድራዴና ጆኤል ኮኸን በ2007 ያሳተሙት ጥናት የሚጠቁመው ዘዴ ነው። አስፈሪ ፊልም የሚሸሹ ሰዎች ፊልሙን እያዩ የተዋናዮቹ ፎቶግራፍና የሕይወት ታሪክ አጠገባቸው ሲቀመጥላቸው፣ ፍርሃታቸው ሳይጠፋ ደስታም ይሰማቸው ጀመር፤ የሚያዩት ሥራውን የሚሠራ ሰው መሆኑን ያለማቋረጥ ያስታውሳቸዋልና። ይህን በቤት ማድረግ ቀላል ነው። ከፊልሙ በፊት ስለ ተዋናዮቹ ጥቂት ያንብቡ፣ ገዳዩን የሚጫወተው ሰው በቃለ መጠይቅ ሲስቅ ይመልከቱ፣ ሜካፑ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ካለ ይዩ። በ«ሳይኮ» ውስጥ ወደ ማፍሰሻው የሚወርደው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ እንደነበር ያወቀ ሰው፣ ትዕይንቱን በሌላ ዓይን ያየዋል።

በምልከታው ጊዜ

ሲፈሩ ትንፋሽ መያዝ የተለመደ ነው፤ መያዝዎን ካወቁ ቀስ ብለው፣ ከሳቡበት ጊዜ አስረዝመው ያስወጡ። እግርዎ መሬት መንካቱን፣ ጀርባዎ በመቀመጫው መደገፉን ልብ ይበሉ። ከፊልሙ ሳይወጡ ትንሽ ለመራቅ ደግሞ እንደ ተመልካች ሳይሆን እንደ ባለሙያ ይጠይቁ፤ ካሜራው የቆመው የት ነው? ብርሃኑ የሚመጣው ከየት ነው? ይህን ያህል ማድረግ ፍርሃትን እንደ መሸሽ ሊቆጠር አይገባም። ማቲያስ ክላሰንና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት ጥናት የማስፈራሪያ ቤት ጎብኚዎችን ሲጠይቁ፣ ፍርሃታቸውን ከፍ ለማድረግ የሚጥሩትና ዝቅ ለማድረግ የሚጥሩት ሁለቱም ወገኖች ተመሳሳይ እርካታ አግኝተው ወጥተዋል።

ለሰለቸው ተመልካች ምክሩ ይገለበጣል። ስልክዎን በሌላ ክፍል ይተዉት፤ በየአምስት ደቂቃው መልእክት የሚያይ ሰው ስጋት ሊሰበሰብበት አይችልም፣ ዘመናዊው የመሰልቸት ምክንያት በአብዛኛው ይኸው ይመስለኛል። መብራቱን ያጥፉ፣ በጆሮ ማዳመጫ ያድምጡ፣ ትሬለሩን አይመልከቱ፤ ትሬለር የፊልሙን ድንጋጤዎች በነፃ የሚያድል ነገር ነው። ብቻዎን ይዩ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለጥቂት ሳምንታት ይጹሙት፤ ስሜት የሚደነዝዘው በመደጋገም ነውና፣ ደሙን በመጨመር ለማካካስ መሞከር ይበልጥ ያደነዝዛል። ሲመለሱም የለመዱትን ወገን ትተው ሌላውን ይሞክሩ።

አብሮ ማየት

ሰው መኖሩ አጥርን ያጠነክራል፤ የአንዱ ሳቅ የሌላውን ድንጋጤ ያቀልላል። ዚልማንና ባልደረቦቹ በ1986 ወጣት ወንዶችና ሴቶችን አጣምረው አስፈሪ ፊልም ሲያሳዩ፣ ወንዶቹ ይበልጥ የተደሰቱት አጠገባቸው ያለችው ሴት ስትፈራ፣ ሴቶቹ ደግሞ ወንዱ ምንም ሳይመስለው ሲቀር ነበር። ግኝቱ የዘመኑን ልማድ የሚያሳይ ይመስለኛልና ዛሬ እንደ ሕግ አልጠቅሰውም፤ ሆኖም አብሮን ያለው ሰው የሚያሳየው ሁኔታ የራሳችንን ደስታ እንደሚለውጥ ያስረዳል።

ጋባዥ ከሆኑ ፊልሙ ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩ። «ኮሜዲ ነው» ብሎ አታሎ ማስቀመጥ፣ ከኋላ ሾልኮ ትከሻ መያዝ፣ የፈራውን በቪዲዮ ቀርጾ ማሳቅ ቀልድ ቢመስልም፣ የተመልካቹን ፈቃድ ስለሚነጥቅ አጥሩን ከሥሩ ይነቅላል። ቅድም የተባለው ደስታ ሁሉ የቆመው በገዛ ፈቃድ በመግባትና በገዛ ፈቃድ በመውጣት ላይ ነው።

ከፊልሙ በኋላና ከልጆች ጋር

ፊልሙ አልቆ ወዲያው ወደ መኝታ መሄድ አይመከርም። ሰውነቱ ገና ነቅቷልና ጊዜ ይስጡት፤ መብራት አብርተው ስለ ፊልሙ ያውሩ፣ የታሪኩን ቀዳዳዎች ይቁጠሩ፣ ከዚያም ምንም የማያስፈራ ነገር ይመልከቱ ወይም ያንብቡ። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች አስፈሪ ታሪክ «ደም የሚያረጋ» ይባላል፤ በኔዘርላንድ የላይደን ተመራማሪዎች ይህን አባባል እውነት መሆኑን ለማየት 24 ጤነኛ ሰዎችን ፈትነው በ2015 እንዳሳተሙት፣ አስፈሪ ፊልም ካዩ በኋላ ደምን ከሚያረጉት ፕሮቲኖች አንዱ በደማቸው ውስጥ ጨምሯል፣ ደማቸው ግን በእርግጥ አልረጋም። እንዲያውም ከፍርሃቱ የሚገኝ ትርፍ ሊኖር ይችላል፤ ኮልታን ስክሪቭነርና ባልደረቦቹ በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ በኮቪድ ወረርሽኝ የመጀመሪያ ወራት የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች ከሌሎች ያነሰ የሥነ ልቦና ጫና ታይቶባቸዋል። ጥናቱ ግን ግንኙነቱን እንጂ ፊልሙ ራሱ እንዳጠነከራቸው አያረጋግጥም።

ለሁሉም ሰው አይደለም። ከባድ አደጋ ወይም ጥቃት የደረሰበት፣ በድንገተኛ የሽብር ስሜት የሚሠቃይ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ቢመክር መልካም ነው፤ የሚጥል በሽታ ያለበትም ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች ያሉባቸውን ፊልሞች ይጠንቀቅ።

ልጆችን በሚመለከት ጥንቃቄው ይበልጥ ሊጠብቅ ይገባል። ክሪስተን ሃሪሰንና ጆአን ካንተር በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከተጠየቁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 90 በመቶ ያህሉ በልጅነታቸው ወይም በጉርምስናቸው ያዩት ነገር አስፈርቷቸው እንደነበር፣ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ፍርሃቱ ገና እንዳልለቀቃቸው ተናግረዋል። ትንንሽ ልጆች የሚፈሩት መልኩን ነው፤ ደግ ቢሆንም አስቀያሚ የሆነው ያስፈራቸዋል፣ ክፉ ቢሆንም ያማረው አያስፈራቸውም፤ ፈጠራንና እውነትንም በደንብ አይለዩም። ለአራት ዓመት ሕፃን «እውነት አይደለም» ብሎ ማስረዳት ስለዚህ ብዙ አይጠቅምም፤ ማቀፍ፣ መብራት ማብራትና አብሮ መሆን ይሻላል። ከፍ ያለው ልጅ በተቃራኒው የሚፈራው ሊሆን የሚችለውን ነው፤ እርሱን ማቀፉ ብቻ ስለማያረጋጋው፣ ነገሩ እንዴት እንደተሠራና በእውኑ ዓለም ምን ያህል እንደማይከሰት በቁም ነገር ሊብራራለት ይገባል። በፊልሙ ላይ የተጻፈውን የዕድሜ ገደብ ማክበር የመጀመሪያው ነው፤ ሆኖም ታላላቆች ሳሎን ውስጥ ሲያዩ ታናሹ በበር ቀዳዳ እንደሚያይ አይዘንጉ።

በመጨረሻም ፊልሙን ጀምረው ከልክ በላይ ከሆነብዎት ያጥፉት። ይህን ሲያደርጉ ግን አንድ ችግር አለ፤ ያልተጨረሰ ታሪክ አእምሮ ውስጥ ተከፍቶ ይቀራል፣ ጭራቁም አልተሸነፈም። በማግሥቱ በቀን ብርሃን የታሪኩን ማጠቃለያ ፈልገው እስከ መጨረሻው ያንብቡ። በጽሑፍ ሲነበብ ሙዚቃ የለውም፣ ጨለማ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜም ከታሰበው ይልቅ እጅግ ተራ ነው።